ዜና በየቀኑ ሲቀያየር መጽሐፍ መሸጥ

ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ቁልቁል እስከ ብሔራዊ ቴአትር ባሉት ጎዳናዎች መጽሐፍ እየዘረጋሁ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። የቤት ኪራይ የከፈልኩትም፣ ልጆች ያስተማርኩትም በዚሁ ሥራ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ወደ ሥራው ለመግባት የሚያስቡ ወጣቶች እየመጡ ያማክሩኛል። የብዙዎቹ ጥያቄ «አሁን የሚሸጠው ምንድን ነው?» የሚል ነው። ይህን የምጽፈው ለእነርሱ ነው፤ በዚህ ጥያቄ ጀምረው በጥቂት ወራት ውስጥ ሥራውን የተዉ ልጆች አይቻለሁና። አሁን የሚሸጠውን የሚወስነው የሰሞኑ ዜና ነው። ዜናው በሳምንት ውስጥ ይቀየራል፤ በዱቤ ያመጣችሁት ክምር ግን እዚያው ቁጭ ይላል፤ አከፋፋዩም ገንዘቡን ይጠይቃል።

ይህን ስል ዜና አትከታተሉ ማለቴ አይደለም። እኔ ላስቲኩን ከማንጠፌ በፊት የማለዳውን ዜና በሬዲዮ እሰማለሁ። የአዲስ ዘመንን፣ የረቡዕና የእሑዱን ሪፖርተር፣ የቅዳሜውን አዲስ አድማስ ቢያንስ ርእሶቻቸውን ሳላይ አልውልም። መንገድ ላይ ቆሞ መጽሐፍ የሚያገላብጥ ሰው ብዙ ጊዜ የሆነ ነገር ሰምቶ ነው የሚመጣው። ምን እንደሰማ ካላወቃችሁ ምን እንደሚፈልግ አታውቁም። ጥር 2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲገለጽ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ተነገረ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ እናቶችና አባቶች የሒሳብና የፊዚክስ አጋዥ መጽሐፍ ፍለጋ ይመጡ ጀመር፤ ልብ ወለድ የሚጠይቅ ለጊዜው ጠፋ። በሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔት ተዘግቶ ሳምንታት በቆየ ጊዜ ደግሞ ተቃራኒውን አየሁ። ከተማው ተረጋግቶ ወደ ቦታዬ ስመለስ፣ በስልካቸው የሚያዩትን ያጡ ወጣቶች ወፋፍራም ልብ ወለድ ይጠይቁኝ ነበር። ከዚያ በፊት የመጽሐፍ ሽፋን ገልጠው የማያውቁ ጥቂቶቹ ዛሬም ደንበኞቼ ናቸው።

አንድ የቀድሞ ባለሥልጣን ወይም ዕውቅ ሰው ሲያርፍ ትዝታው ይፈለጋል። አንድ መጽሐፍ በቴሌቪዥን ወይም በዩቲዩብ ሲወራበት በማግስቱ ሃያ ሰው ይጠይቃል፤ ከሃያው የሚገዛው ጥቂቱ ነው። እዚህ ላይ የብዙ ጀማሪ ገንዘብ ይቀልጣል፤ የጠያቂውን ብዛት እንደ ገዢ ይቆጥሩና ካርቶን ሙሉ ያመጣሉ። በእኔ ልምድ ዜና ያነሣውን መጽሐፍ በጥቂቱ ማምጣት፣ ሲያልቅ ወዲያው መሙላት ይሻላል። ከአከፋፋይ ስትወስዱም በኮሚሽን ይሁን፤ ያልተሸጠውን እስከ መቼ እንደምትመልሱ በወረቀት ላይ አስፍራችሁ ተፈራረሙ። በቃል የተስማማችሁት ነገር መጽሐፉ በማይሸጥበት ቀን ይረሳል።

የዜናውን ግፊት ለመቋቋም የረዳኝ አንድ ደብተር ነው። ደንበኛ ጠይቆኝ ያጣሁትን መጽሐፍ ሁሉ ርእሱን፣ ቀኑንና የጠያቂውን ስልክ እጽፋለሁ። ደብተሩን በየወሩ ስታነቡ ሬዲዮው ከሚነግራችሁ የተለየ ከተማ ይታያችኋል። ጋዜጣው በሙሉ ስለ ምርጫ ወይም ስለ ጦርነት በሚጽፍበት ወር የእኔ ደብተር ስለ ንብ እርባታ፣ ስለ ስኳር በሽታ፣ ስለ ግእዝ ሰዋስው፣ ስለ መኪና ኤሌክትሪክ፣ ስለ ሕፃናት ተረት የሚጠይቁ ሰዎች ስም የሞላበት ነበር። እነዚህ ሰዎች ጯኺ አይደሉም። ጠይቀው «የለም» ሲባሉ አመስግነው ይሄዳሉ። መጽሐፉን አግኝታችሁ ስትደውሉላቸው ግን ከሰሚት፣ ከአያት ድረስ ታክሲ ተሳፍረው ይመጣሉ፤ ዋጋም ብዙ አይከራከሩም። የቤት ኪራዬን በአመዛኙ የከፈሉልኝ የደብተሩ ሰዎች ናቸው። በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ የተጻፉ መጻሕፍትን በቋሚነት መያዝ የጀመርኩትም ደብተሩ ስላሳየኝ ነው።

ስለ ፖለቲካ መጻሕፍት ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚፈልጉት እነርሱ ናቸውና። በእኛ አገር የ1960ዎቹ ትውልድ ብዙ ጽፏል። የኢሕአፓው ጽፏል፤ የመኢሶኑ ጽፏል፤ የደርግ ባለሥልጣናት ጽፈዋል፤ በረሃ የነበሩት ጽፈዋል፤ የጦር መኮንኖችም ጽፈዋል። በሕይወት ሳሉ በአንድ ጠረጴዛ ያልተቀመጡ ሰዎች በእኔ ላስቲክ ላይ ጎን ለጎን ይውላሉ። አንዳንድ ሻጭ የሚቀርበውን ወገን ከፊት፣ ሌላውን ከኋላ ያደርጋል። ይህን እንዳታደርጉ እለምናችኋለሁ። በቦታው ያለፈ ሰው ሁሉ አደራደሩን ያነባል፤ «ይሄ የእነርሱ ነው» ብሎ ከደመደመ በኋላ ስለ ሽሮ ወጥ አሠራር የተጻፈ መጽሐፍ ብትይዙ እንኳ አይገዛችሁም። እኔ በዘመን ነው የምደረድራቸው፤ ስለ አንድ ዓመት የተጻፉትን አንድ ላይ። በ1969 ስለሆነው ነገር አምስት ሰው አምስት ዓይነት ከጻፈ አምስቱ አንድ ረድፍ ላይ ናቸው።

እንዲህ መደርደር ለሽያጭም ይጠቅማል። አንዱን ለመግዛት የመጣ ሰው ሁለተኛውን ያነሣል። ከደንበኞቼ መካከል አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ፤ የደርግን ዘመን በእስር ያሳለፉ ናቸው። ሌላው በዚያው ዘመን ወታደር የነበሩ፣ ዛሬ ከዘራ ይዘው የሚሄዱ ሽማግሌ ናቸው። መጀመሪያ የተገናኙት እኔ ዘንድ፣ በአንድ የትዝታ መጽሐፍ ላይ እጃቸው ሲገጣጠም ነው። ያለው አንድ ቅጂ ብቻ ስለነበር መምህሩ «እርስዎ ቀድመው ይውሰዱት፤ ሲጨርሱ እዚሁ ይተዉልኝ» አሉ። ሽማግሌው አንብበው ሲመልሱት ከየምዕራፉ ግርጌ በእርሳስ የጻፉበት ነበር፦ «እኔ እዚያ ነበርኩ፤ ሰዓቱ ሌሊት እንጂ ቀን አልነበረም»፤ «ይህ ሰው አልተኮሰም፤ የተኮሰው ሌላ ነው»። መምህሩ መጽሐፉን ትተው ማስታወሻዎቹን ነው ያነበቡት። አሁን ሁለቱ በየሳምንቱ ተያይዘው ይመጣሉ። በብዙ ነገር አይስማሙም፤ መጽሐፍ ግን ይዋዋሳሉ።

ከዚህ ተነሥቼ የምመክረው አንድ ነገር አለ። ያገለገለ መጽሐፍ ስትገዙ የኅዳግ ማስታወሻ ያለበትን በላጲስ አታጥፉ። ለብዙ ሰው መጽሐፉ የቆሸሸ ይመስለዋል፤ ለሚያውቀው ሰው ግን ዋጋው እዚያ ነው። ታሪክ የሚያጠኑ የስድስት ኪሎ ተማሪዎች እንዲህ ያለውን ቅጂ ሆን ብለው ይጠይቁኛል።

ደንበኞች ፖለቲካ ሲያወሩ ሻጭ ምን ማለት እንዳለበት የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። መጽሐፍ ሻጭ ሐሳብ የሌለው ሰው መሆን አለበት አልልም። እኔ ሐሳብ አለኝ፤ ድምፅ እሰጣለሁ፤ በአገሬ ጉዳይ እንቅልፍ ያጣሁባቸው ሌሊቶችም አሉ። ነገር ግን ላስቲኬ ፊት የቆመ ሰው የእኔን ሐሳብ ሊሰማ አልመጣም። «ስለ እንትና ምን ትላለህ?» ሲለኝ «ጋሼ፣ እርስዎ ስለ እርሱ ምን አነበቡ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። አንዳንዱ ያነበበው ነገር ስለሌለ ዝም ይላል። አንዳንዱ አንድ መጽሐፍ ይጠራል፤ ያን ጊዜ ሌላ ጎን ያለውን መጽሐፍ አንሥቼ እሰጠዋለሁ፤ ቆሞ ጥቂት ገጽ እንዲያነብ ጊዜ እሰጠዋለሁ። ክርክር ከተነሣና ድምፅ ከፍ ካለ ደግሞ ወደ አንዱ ዘወር ብዬ ዋጋ እናገራለሁ። ዋጋ ሲነሣ ሰው ወደ ራሱ ይመለሳል።

ከባዱ ፈተና የጦርነቱ ጊዜ ነበር። ከጥቅምት 24 ቀን 2013 ጀምሮ የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 እስኪፈረም ድረስ በነበሩት ጊዜያት፣ የትግርኛ መጻሕፍትን ከላስቲኩ ላይ እንዳነሣ የነገሩኝ መንገደኞች ነበሩ። አንዳንዶቹ በቁጣ፣ አንዳንዶቹ ለእኔው አስበው ነበር። አላነሣሁም። መጻሕፍቱ ልብ ወለድ፣ ግጥም፣ የተረት ስብስብ ነበሩ፤ የሚያነቧቸውም ከእኛው ጋር በአንድ ሰፈር ውኃ የሚቀዱ ሰዎች ናቸው። ለጠየቀኝ ሁሉ «የሚያነበው ሰው ስላለ ነው» ብዬ በእርጋታ መለስኩ፤ ከዚያ በላይ አልተከራከርኩም። በዚያ ወቅት አንዲት እናት በየጊዜው እየመጡ አንድ አንድ መጽሐፍ ይገዙ ነበር። አማርኛቸው የጠራ ቢሆንም ለማን እንደሚገዙ አልጠየቅኋቸውም። እናንተም እንዲህ ባለ ጊዜ «ለማን ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። መጽሐፍ የሚገዛ ሰው ማንነቱን ለመንገድ ሻጭ የማስረዳት ግዴታ የለበትም። ይህን በልባችሁ ካላመናችሁበት ሌላ ሸቀጥ ብትነግዱ ይሻላል፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው።

መጽሐፍና ፖለቲካ በዚህች ከተማ መቼም ተለያይተው አያውቁም። በ1975 በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የታተመው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ከወጣበት አልተመለሰም። መጽሐፉን ግን ሰው ከእጅ ወደ እጅ እየደበቀ አነበበው። በ2017 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በውጭ አገር ሲታተም፣ ከተወለዱ ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ልጆች «የአማርኛው አለ?» እያሉ መጡ። እንዲህ ያሉትን መጻሕፍት ሁልጊዜ አንድ ሁለት ቅጂ ያዙ። ዜና ቢኖርም ባይኖርም ይሸጣሉ።

በ1985 የፕሬስ አዋጁ ወጥቶ ቅድመ ምርመራ ሲቀር የታተሙት ጋዜጦችና መጽሔቶች ሌላው ሀብት ናቸው። ያን ጊዜ ጋዜጣ መግዛት ያልቻለ ሰው አራት ኪሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በሳንቲም ተከራይቶ ያነብ ነበር። ከ1997 ምርጫ በኋላ ብዙዎቹ ተዘጉ፤ የቀሩት እትሞች ደግሞ የሱቅ መጠቅለያ ሆነው አለቁ። ዛሬ የዚያን ዘመን መጽሔት ከነሙሉ ገጹ ያገኘ ሻጭ ጥሩ ዋጋ ያገኛል። ጥናት የሚሠሩ፣ የራሳቸውን ጽሑፍ የሚፈልጉ የቀድሞ ጋዜጠኞች፣ አባታቸው የተጠቀሰበትን እትም የሚያስሱ ልጆች ይመጣሉ። የቆራሊዮ ነጋዴዎችን ተዋወቁ፤ ወረቀት በኪሎ ሲገዙ እናንተን እንዲጠሯችሁ ተስማሙ።

አሁን ወደ ዋጋ። ደንበኛ መጽሐፉን ገልብጦ ከጀርባው ያለውን ዋጋ ያነብና «60 ብር ይላል፣ አንተ ለምን 300 ትላለህ?» ይላል። ይህ ጥያቄ በየቀኑ ይመጣል፤ መበሳጨት ተገቢ አይደለም። የሕትመት ወረቀት በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ይህን ለደንበኛው በአጭሩ ስትነግሩት ይረዳል፤ እርሱም የዘይቱን ዋጋ እያየ ነው የሚኖረው። የማይረዳው በአሮጌው ዋጋ ላይ ወረቀት ለጥፋችሁ ስትሸፍኑበት ነው። ጥፍሩን ሰዶ ይፍቀውና ከሥር ያለውን ሲያይ ሌባ ያደርጋችኋል። አሮጌው ዋጋ እንዳለ ይታይ፤ የእናንተን በእርሳስ በመጀመሪያው ገጽ ጥግ ላይ ጻፉ። በድሮ ዋጋ የገዛችሁት መጽሐፍ ካለ ደግሞ ከአዲሱ ሕትመት አሳንሳችሁ ሽጡት። ደንበኛው ይህን አይረሳም።

ተማሪ ሲሆን እኔ ከዚህም ወረድ እላለሁ። መግዛት ላልቻለው በማስያዣ አከራያለሁ። መታወቂያ አልይዝም፤ ገንዘብ እይዛለሁ፤ መጽሐፉ ሲመለስ የኪራዩን ቀንሼ ቀሪውን እሰጣለሁ። በ2014 አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አራት ኪሎ ላይ ሲከፈት አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ «እንግዲህ ማን ይገዛናል?» ብለው ሠግተው ነበር። እኔ ያየሁት እዚያ ጀምረው ያልጨረሱትን መጽሐፍ ቤታቸው ሊወስዱ የሚፈልጉ ልጆች ከደጁ ወደ እኛ ሲመጡ ነው። ቤተ መጻሕፍት አንባቢ ያፈራል፤ አንባቢ ደግሞ የራሱ የሆነ መጽሐፍ ይፈልጋል።

ያለ ደራሲው ፈቃድ የተባዛ መጽሐፍ አትንኩ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብት የተጠበቀ ነው፤ በሕግ ያስጠይቃል። ከሕጉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ብዙ የእኛ ደራሲዎች መጽሐፋቸውን የሚያሳትሙት በራሳቸው ገንዘብ፣ አንዳንዴም ተበድረው ነው። የተባዛው ቅጂ በግማሽ ዋጋ መንገድ ላይ ሲወጣ ብድሩ በላያቸው ይቀራል፤ ሁለተኛ መጽሐፍ አይጽፉም፤ እኛም የምንሸጠው ይጠፋል። እንዴት ይለያል ካላችሁ፦ የተባዛው ፊደሉ ይደበዝዛል ወይም ቀለሙ ይወፍራል፤ አንዳንዱ ገጽ ወደ ጎን ያዘመመ ነው፤ የሽፋኑ ሥዕል ጥራት ይጎድለዋል፤ መሃሉን ሰፋ አድርጋችሁ ስትከፍቱ ማጣበቂያው ይሰነጠቃል። አከፋፋዩ ደረሰኝ አልሰጥም ካለና ዋጋው ያለ ምክንያት ከወደቀ ምርመራም አያስፈልግም። ደራሲውን ወይም አሳታሚውን በስልክ አግኝታችሁ በቀጥታ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ራሳቸው ያመጡላችኋል።

ያገለገለ መጽሐፍ የሚገኘው በአመዛኙ ከቤተሰብ ነው። አባት ሲያርፍ ወይም ቤት ሲፈርስ ልጆች በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተው ያመጣሉ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ዋጋ አያውቅም፤ የተባለውን ይቀበላል። እዚህ ላይ አጋጣሚውን የሚጠቀም ሻጭ አለ። እኔ የማደርገው መጻሕፍቱን ከባለቤቶቹ ጋር አብሬ መለየት ነው፦ እነዚህ በቶሎ ይሸጣሉ፣ እነዚህ ይቆያሉ፣ እነዚህን ብትጠብቋቸው ለልጆቻችሁ ይጠቅማሉ እያልኩ። ከመክፈሌ በፊት እያንዳንዱን መጽሐፍ በገጾቹ መካከል እፈትሻለሁ። ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍ፣ የባንክ ደብተር፣ አንድ ጊዜም የቦታ ካርታ አግኝቼ መልሻለሁ። ያ ቤተሰብ እስከ ዛሬ ዘመዶቹን ሁሉ ወደ እኔ ይልካል። የቤተ መጻሕፍት ወይም የትምህርት ቤት ማኅተም ያለበትን መጽሐፍ ከአገልግሎት ለመወገዱ ምልክት ከሌለበት አልገዛም፤ ማን እንዳመጣው እንኳ ሳልጠይቅ እመልሰዋለሁ።

ስለ አየር ጠባይ በአጭሩ። ክረምት ላይ ከታች ላስቲክ፣ በላዩ ጣውላ፣ ከዚያ መጽሐፍ፤ በቀጥታ መሬት ላይ የተቀመጠ መጽሐፍ ከሥር እርጥበት ይስባል። መሸፈኛው ላስቲክ አንድ ትልቅ ከሚሆን ሁለት ቢሆን ይሻላል፤ ግማሹን ገልጣችሁ መሸጥ ትችላላችሁ። የራሰ መጽሐፍ ፀሐይ ላይ አይሰጣም፤ ይንሻፈፋል። በየገጾቹ መካከል ጋዜጣ አስገብታችሁ ጥላ ውስጥ አቁሙት። በበጋ ደግሞ ፀሐይ ሽፋን ታነጣለችና በቀትር ረድፉን ወደ ጥላ አዙሩ፤ ወፋፍራሞቹንም በነፋስ አቅጣጫ ዳር ዳር አድርጉ።

ክፍያ በቴሌብር ሲሆን የገንዘቡን መግባት በራሳችሁ ስልክ አረጋግጡ፤ ገዢው የሚያሳያችሁ መልእክት ማስረጃ አይደለም። ጠርጣራ እንዳትመስሉ የምትፈሩ ከሆነ ከመጀመሪያው ለሁሉም ሰው እኩል አድርጉት።

የመጨረሻው ጉዳይ ቦታ ነው። ከ2016 አጋማሽ ጀምሮ ፒያሳና አካባቢዋ ፈርሰው እንደገና ሲሠሩ፣ ከአራት ኪሎ ፒያሳ ያለው የእግረኛ መንገድም ሲሰፋ፣ ብዙዎቻችን ከለመድነው ጥግ ተነሥተናል። መንገዱ አምሮበታል፤ ለዓመታት የገነባነው የደንበኛ ሰንሰለት ግን ተበጥሷል። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ለመናገር ሌላውን መካድ አያስፈልግም። መጽሐፍ ከካልሲና ከቻርጀር ጋር አንድ ላይ ከመንገድ የሚነሣ ሸቀጥ ብቻ ሆኖ መታየቱ ያሳዝነኛል። ለመጽሐፍ የተመደበ ጥላ ያለው ጥግ በየአደባባዩ ቢኖር ከተማዋ አትጎዳም፤ በተለይ ዩኒቨርሲቲና ቤተ መጻሕፍት ባለበት አካባቢ። ይህን በየስብሰባው እናገራለሁ፤ እናንተም ተናገሩ፤ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አድርጋችሁ ለወረዳው አስገቡ፤ ቅጂውንም ያዙ። እስከዚያው ግን የተፈቀደውን ቦታና ሰዓት ጠይቃችሁ እወቁ፤ በየትኛውም ቀን መነሣት ሊመጣ እንደሚችል አስባችሁ አንድ ሰው በሚሸከመው ካርቶን ልክ ብቻ ዘርጉ። ቀሪውን ለማሳደሪያ በምትከራዩት ሱቅ ወይም ግቢ አስቀምጡ። በምትሸጡት መጽሐፍ ሁሉ ውስጥ ስልካችሁ ያለበት ዕልባት ይግባ። እኔ ከቦታዬ ስነሣ ደንበኞቼን ያገኘሁት በዚያ ዕልባትና በደብተሩ ነው።

ለመጀመር ጥሩው ጊዜ ከመስቀል በኋላ ነው። ዝናቡ አልፏል፤ ትምህርት ተከፍቷል፤ ደመወዝ ከበዓል ወጪ እያገገመ ነው። የመጀመሪያ ክምራችሁ ሦስት ዓይነት ይሁን፦ በየዓመቱ የሚሸጡ ነባር ልብ ወለዶች፣ የተማሪ አጋዥ መጻሕፍት፣ ጥቂት ያገለገሉ የታሪክና የትዝታ መጻሕፍት። የስኬት መጻሕፍት ትርጉሞችም ይፈለጋሉ፤ ነገር ግን በየጥጉ ስላሉ ሁለት ሦስት ርእስ ይበቃችኋል። የሰሞኑ ዜና ላነሣው መጽሐፍ ከካፒታላችሁ አሥር አንዱን ብቻ መድቡ። ደብተሩን ግን ገና አንድ መጽሐፍ ሳትሸጡ፣ የመጀመሪያው ሰው መጥቶ «ይህ አለ?» ብሎ የሌለ መጽሐፍ ሲጠይቃችሁ ክፈቱት።